በወፍጮ ቤት በር የተሰቀለ ጣሳ

ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ
የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለማሂ፤

ቤቱ ሰላም ነው፤ እናትሽ ደህና ናት፤ ዶሮዎቹም ደህና ናቸው። እዚህ አገር የታመመው ያንቺ ፕሮግራም ብቻ ነው።

መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅሽ። ስትደውዪ ቶሎ የምዘጋብሽ ጠልቼሽ አይደለም። ስልኬ ጆሮ ላይ ሲደረግ አይሰማም፤ የሚሠራው ድምፁ ወደ ውጭ ሲለቀቅ ብቻ ነው። ባለፈው «ጋሽዬ፣ ለአባባ እንዳትነግረው» ስትዪ አባትሽ አጠገቤ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ነበር። «ምኑን ነው የማትነግረኝ?» አለኝ። «ለፋሲካ ጋቢ ልታመጣልህ ነው» አልኩት። ስለዚህ ጋቢ አለብሽ። የአገሩን ሬዲዮ ስጠግን እየዋልኩ የራሴን ስልክ ለምን እንደተውኩት አትጠይቂኝ፤ እኔም ራሴን ጠይቄ መልስ አላገኘሁም።

ከእንግዲህ ደብዳቤና ፍላሽ በሾፌሩ በተረፋ አውቶቡስ እንላላክ። ማክሰኞ ወደ አንቺ ይወጣል፤ ሐሙስ ይመለስና በእኛ በር አልፎ ጊምቢ ያድራል። ወፍጮ ቤቱ ጥግ ሲደርስ ሦስት ጊዜ ጥሩምባ ይነፋል፤ እኔ ሮጬ ወጥቼ በመስኮት እቀበለዋለሁ።

ወደ ጠየቅሽኝ ልምጣ። አዎ፣ ቆመ። ለእትዬ ሐረግወይን ወፍጮ ቤት የሠራሽላቸው ወረፋ ጠሪ የቆመ ዕለት ጠዋት በደንብ ጀምሮ ነበር። ፈጪው ራጉኤል አንድ ጆንያ ጨርሶ ቁልፉን በተጫነ ቁጥር ያንቺ ድምፅ ከድምፅ ማጉያው ሣጥን ይወጣል፦ «ቁጥር አንድ፣ ዱቄትዎ ደርሷል።» በኦሮምኛም ይደግመዋል። እስከ ዐሥራ ሰባት ድረስ እንዲህ ሄደ። ራጉኤል ዐሥራ ሰባትን እንዳስጠራ ወዲያው ዐሥራ ስምንትን ተጫነ፤ ዝም። ደግሞ ተጫነ፤ ዝም። ደንበኛችን አዴ ዲንቂቱ ሣጥኑን በነጠላቸው ጫፍ ጠራርገው «ኦቦ ታረቀኝ፣ ኢንተልቲ ማል ታቴ?» አሉኝ፤ ልጅቷ ምን ሆነች ማለታቸው ነው። ጉንፋን ይዟታል አልኳቸው። በማግስቱ ዳማከሴ ይዘውልሽ መጡ። ሣጥኑ ላይ አስቀምጬልሻለሁ።

አባትሽ ይህን ሁሉ አይቷል። ውርርዱንም አልረሳም፤ ከሆሳዕና በፊት ባለው ሳምንት፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ሣጥኑ አንድ ቁጥር ሳይውጥ ከጠራ ሁለተኛ ስለ ሥራሽ አፉን አይከፍትም። አንድ እንኳ ከዋጠ ግን የራስሽን ሥራ ትዘጊና እሱ ባገኘልሽ የመዝገብ ቤት ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ፤ እዚሁ፣ እናትሽ ምሳ በምትልክልሽ ርቀት። እጅሽን መትተሽ የተስማማሽው በእኔ ፊት ነው፤ አሁን ብክድልሽም አያምነኝም።

«ኮምፒውተሩን የነካው ሰው አለ ወይ?» ላልሽው፣ ኮምፒውተሩ ደህና ነው። አቧራውን በየቀኑ እጠርግለታለሁ።

ጋሽሽ ታረቀኝ

—

አዲስ አበባ
የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽዬ፤

ይህን የምትጽፍልህ ጉንፋን የሌለባት ልጅ ናት። ዳማከሴው እንደጠቀመኝ ለአዴ ዲንቂቱ ንገርልኝ፤ በቋንቋቸው ገለቶማ ብለህ አመስግንልኝ። ስለ ጋቢው ግን ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን።

ፕሮግራሙን እዚህ ኮምፒውተሬ ላይ ሺህ ሁለት መቶ ቁጥር አስጠራሁት። አንድም አልዋጠም። ከደብዳቤህ ጋር በፍላሽ የላክልኝ የፕሮግራሙ መዝገብ ፋይል ግን ዐሥራ ስምንት ላይ ሁለቱም ክሮች እንደተኙ ያሳያል።

ክር የምትዪው ምንድን ነው እንደምትለኝ አውቃለሁ። በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሠሩ ሁለት ሠራተኞች አድርገህ አስባቸው። አንደኛው የራጉኤልን ቁልፍ ይጠብቃል። ሁለተኛው ጠሪው ነው፤ የሚጠራው ሲያጣ ይተኛል። ራጉኤል ሲጫን አንደኛው ለጠሪው ምልክት ይሰጠዋል፣ «ተነሥ፣ ቁጥር አለ» እንደማለት። ከዚያ «ጠርቻለሁ» የሚል መልስ እስኪመጣለት ሌላ ሥራ አይቀበልም። ዐሥራ ስምንት ላይ አንደኛው መልስ እየጠበቀ ቆሟል፤ ጠሪው ደግሞ ምልክት እየጠበቀ ተኝቷል። ሁለቱም ጨዋ ናቸው፤ ማንም ማንንም አይረብሽም። እንዲህ ሆነው እስከ ምጽአት ይቆያሉ።

ምልክቱ የት ገባ? ተሰጥቷል፤ ፋይሉ ላይ ተጽፎ ይታያል። የደረሰው ግን የለም።

ጋሽዬ፣ የጠየቅሁህ ኮምፒውተሩን የነካው ሰው አለ ወይ ብዬ ነበር። አንተ ስለ አቧራ መለስክልኝ። አባባ አሁንም በየቀኑ ይመጣል?

ማሂ

—

ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ
መጋቢት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማሂ፤

ከመጀመሪያው በኋላ የጻፍሽልኝ የየካቲት 26ቱ ደብዳቤሽ ከእኔ በላይ አገር አይቷል። ዲጋን አልፎ፣ ጊምቢ ሦስት ሌሊት አድሮ፣ ትናንት እጄ ገባ።

የሆነውን ልንገርሽ። ሐሙስ ተረፋ በሰዓቱ መጣ፤ ሦስት ጊዜ ነፋ። እኔ አንደኛው ወፍጮ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ቀበቶ እየቀየርኩ ነበር፤ ሁለተኛው ሲዞር ደግሞ የመልአክ መለከትም አይሰማ። ተረፋ መሪውን ይዞ እኔን ጠበቀ። ከኋላው አይሱዙ ሲጮህበት ሄደ። እኔ ጨርሼ ወጣሁና በሩ ላይ ቆሜ ተረፋን ጠበቅሁ። እስኪመሽ። «ምነው ዛሬ ዘገየ» እያልኩ ላለፈ ላገደመው ሁሉ እሱን ሳማ ዋልኩ። እሑድ ሲመለስ «ሦስቴ ነፍቼ ጥለኸኝ ቀረህ» ብሎ እሱ ደግሞ እኔን ሲያማኝ እንደሰነበተ ነገረኝ። ተጣልተን ልንለያይ ነበር።

አሁን መላ አበጅቻለሁ። በሩ ላይ አንድ እንጨት ተክያለሁ። ተረፋ ደብዳቤውን ደጃፉ ላይ ካለው የደብዳቤ ሣጥን ይከትና እንጨቱ ጫፍ ላይ ጣሳ ይደፋል። እኔ ስወጣ፣ በሰዓቱም ልውጣ በማግስቱ፣ ጣሳውን አይቼ ደብዳቤ እንዳለ አውቃለሁ። ጥሩምባ ከነፋሱ ጋር ይሄዳል፤ ጣሳ ግን እስኪወርድ ድረስ ይቆያል። ስድስተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ቤት ጋር ከተለያየ ሰው ይህ ይበቃል።

አባትሽ ይመጣል። በየቀኑ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ያቺን ጆንያ ይይዛል። ሣጥኑ ሲቆም ሰዓቱን ያያል፤ እኔን ያያል፤ ይሄዳል። ባለፈው ሳምንት አራት ጊዜ ቆሟል። ሆሳዕና ሊደርስ ስንት ቀረው ብዬ አላስጨንቅሽም፤ አንቺም መቁጠር ትችያለሽ።

በቀይ የጻፍሽውን ጥያቄ በሚመለከት፣ ወረቀቱ ጊምቢ ላይ ዝናብ አግኝቶት ኖሮ ቀዩ ቀለም ፈሷል። አላነበብኩትም።

ጋሽሽ ታረቀኝ

—

አዲስ አበባ
መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአቶ ታረቀኝ፤

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። ጊምቢ ባለፈው ሳምንት ዝናብ አልጣለም፤ ተረፋን ጠይቄዋለሁ።

የጥሩምባውን ታሪክ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የእኔ ክሮች የሆኑትን ነው የጻፉልኝ። ጠሪው «ጠርቻለሁ» ብሎ ወደ መኝታው ሲሄድ፣ ገና ሳይጋደም፣ ራጉኤል ቀጣዩን ይጫናል። ምልክቱ የሚቀሰቅሰው የተኛን ብቻ ነው፤ ወደ መኝታው እየሄደ ላለ አይሰማውም። ጠሪው ሄዶ ይተኛል፤ ጥሩምባው አልፏል። ከዚያ ወዲያ አንዱ እንደ እርስዎ በር ላይ፣ ሌላው እንደ ተረፋ መሪ ይዞ ይጠባበቃሉ።

ግን አንድ ነገር አልገጠመልኝም። እኔ ፕሮግራሙን ስሠራ ምልክት መስጫውን ከየኮምፒውተሩ ሲስተም ነው የተዋስኩት። ዊንዶውስ ላይ የተዋስኩት ምልክት ጥሩምባ አይደለም፤ ጣሳ ነው። አንዴ ከተሰቀለ ጠሪው መጥቶ እስኪያወርደው ተሰቅሎ ይቆያል፤ አይጠፋም። እዚህ ሺህ ሁለት መቶ ጊዜ ያልቆመው ለዚያ ነው። ሊኑክስ በሚባለው በሌላው ሲስተም ላይ የተዋስኩት ግን ጥሩምባ ነው፤ ሰሚ ከሌለ ጠፋ።

እኔ በገና ጊዜ እትዬ ሐረግወይን ጠረጴዛ ላይ ትቼው የመጣሁት ኮምፒውተር ዊንዶውስ ነበር።

እርስዎ፣ ጋሼ ታረቀኝ፣ ኮምፒውተሩን ምን አደረጉት?

ማህሌት ኃይለጊዮርጊስ

—

ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ
መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማሂ፤

«እርስዎ» ስትዪኝ ማምለጫ እንደሌለኝ አወቅሁ። በሕይወትሽ «እርስዎ» ያልሽኝ ሁለት ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያው አሻንጉሊትሽን ፈትቼ ሞተሯን ለሬዲዮ የወሰድኩ ጊዜ ነበር።

እሺ። ጥር ላይ ነው። አንድ ፍላሽ አገኘሁ፤ የሰርግ ቪዲዮ አለበት ተባለ፤ የማን ሰርግ እንደሆነ ልይ ብዬ ሰካሁት። ሰርጉ አልነበረም፤ ቫይረስ ነበር። ኮምፒውተሩ በዐይኔ ሥር ሞተ። እትዬ ሐረግወይን ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። «ይህን ዕቃ ከልጅቷ በቀር ማንም እንዳይነካው» ብለው በእኔ በራሴ አፍ ያስማሉኝ ገና ሳምንቱ ነበር። እኔም ለክፉ ቀን ያስቀመጥኩት የሊኑክስ ፍላሽ ነበረኝና ከቅዳሴ እስኪመለሱ ጫንኩት፤ ፕሮግራምሽንም መልሼ አስገባሁት። አምሮበት ተነሣ። ዝም አልኩ።

ወንጀለኛ ነኝ፤ ጠበቃዬ ግን አንቺው ነሽ። በገና እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ፣ ድፎ ዳቦ እየጎረስሽ፣ «የእኔ ፕሮግራም ዊንዶውስ በለው ሊኑክስ ልዩነቱ አይታወቀውም» አላልሽም? እኔ የሰው ቃል አምናለሁ።

አሁን አንድ ሐሳብ ላቅርብ፤ ካልወደድሽው እሳት ጨምሪው። ዊንዶውሱን በአንድ ከሰዓት እመልሰዋለሁ። ሣጥኑ እንደ በፊቱ ይጠራል፤ ውርርዱን ትበያለሽ፤ አባትሽ አያውቅ፣ እትዬ ሐረግወይን አያውቁ። አዎ በይኝና የዊንዶውሱን ፍላሽ በተረፋ ላኪ።

እስከዚያው ጣሳው ያመጣብኝን ጉድ ስሚ። በጣሳ የሚታወቀው ምን ቤት እንደሆነ ረስቼው ነበር። ቅዳሜ የገበያ ቀን፣ ተረፋ የሰቀለውን ጣሳ ሳላወርድ ቀረሁ። ከጉቴ የመጡ ሁለት ሰዎች በሩን ገፋ አድርገው ገቡና ጆንያው ላይ ተደላድለው ተቀመጡ። አንደኛው ለአባትሽ ጠጋ ብሎ «ፈርሶው ወፍራም ነው ቀጭን?» አለው፤ ጠላውን ማለቱ ነው። አባትሽ «እኔም እየጠበቅሁ ነው» አለው። እውነቱን ነው። ማዶ ያለው ባለሱቁ አበጋዝ ብቅ ብሎ «እትዬ ሐረግወይን፣ በሁዳዴ ጠላ ቤት ከፈቱ?» ሲል እሳቸው ወንፊቱን ይዘው ወጡ። ወንፊቱ ያረፈው እኔ ላይ ነው።

ሰዎቹ ሲወጡ አንደኛው የተናገረውን ግን ልጽፍልሽ ይገባል። «እኔስ ጥፋቴ ነው» አለ፤ «ጣሳውን አይቼ ከምቀመጥ ጋኑን አስከፍቼ ባይ ኖሮ ወንፊትም አላይ።» ልጄ፣ ጥሩምባ ይጠፋል፤ ጣሳ ደግሞ ይዋሻል። ያንቺ ዊንዶውስም አንድ ቀን ሳያወርዱት የቀረ ጣሳ ይኖረዋል። እንግዲህ አንቺ የተማርሽ ነሽ።

ጥፋተኛው ጋሽሽ

—

አዲስ አበባ
መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽዬ፤

«አንተ» ብዬሃለሁ፤ ይቅርታው ተሰጥቷል። የአሻንጉሊቷ ግን ገና ነው።

ያለፈው ሳምንት ዝምታዬ ቁጣ አልነበረም። ዊንዶውሱን ልመልሰው ወይስ አልመልሰው ያልከውን ይዤ ሁለት ቀን ዞርኩ። እውነት ለመናገር እጄ ፍላሹን አሽጎ ነበር። ከዚያ ግን እንዲህ ብዬ አሰብኩ፦ ሣጥኑ እንዲያ ቢጠራ ውርርዱን የምበላው እኔ ሳልሆን ዊንዶውስ ነው። በሁለቱም ይሠራል ያልኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ አትመልሰው። ሊኑክሱ ይቆይ።

ኤልዳና የምትባል ባልንጀራዬ ሊኑክስ ያለው ኮምፒውተር አላት። ፕሮግራሙን ጫንኩበትና እንደ ራጉኤል ቁልፉን ቶሎ ቶሎ መታሁት። በሃያ ሦስተኛው ላይ ቆመ። በደስታ ኤልዳናን አቀፍኳት። ሥራው ሲበላሽበት እንዲህ የሚደሰት ሰው አይታ ስለማታውቅ ውኃ አምጥታ አጠጣችኝ።

ያስተካከልኩት በጉቴው ሰውዬ ምክር ነው። አሁን ምልክት የሚያምን ክር የለም። ጠሪው ከመተኛቱ በፊት መጀመሪያ ጋኑን ይከፍታል፤ የሚጠራ ቁጥር ካለ ይጠራዋል፤ ባዶ ከሆነ ብቻ ይተኛል። ሲቀሰቅሱትም ዘሎ አይናገርም፤ ጋኑን እንደገና ያያል፤ ባዶ ከሆነ ተመልሶ ይተኛል። የጋኑ ቁልፍ አንድ ነው፤ አንዱ ሲቀዳ ሌላው አይጨምርም። ጠሪው ባዶነቱን አይቶ እስኪጋደም ድረስም ቁልፉን ከእጁ አይለቅም፤ ስለዚህ በመሐል ሾልኮ የሚገባበት ቁጥር የለም። ጥሩምባውም ጣሳውም ለመቀስቀስ ብቻ ነው፤ እውነቱ ያለው ጋኑ ውስጥ ነው። ዊንዶውስ ላይም ሊኑክስ ላይም አምስት አምስት ሺህ ጠርቷል።

ፍላሹ ከደብዳቤው ጋር ነው። እባክህ ሌላ ነገር አትጫንበት፤ ሰርግም ቢሆን።

እንቅልፍ የነሣኝ አባባ ነው። በየቀኑ ጆንያው ላይ የሚቀመጠው ስሳሳት ሊቆጥርብኝ ነው? ደብቀህ አትጻፍልኝ።

ማሂ

—

ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ
ሚያዝያ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማሂ፤

ዛሬ ሆሳዕና ነው፤ ግንባሬ ላይ ዘንባባ አስሬ ነው የምጽፍልሽ። ውጤቱን ቶሎ እንዳልነግርሽ ዲያብሎስ ይፈትነኛል፤ ግን በዓል ስለሆነ እገሥጸዋለሁ፤ ማለትም እነግርሻለሁ፣ በተራው።

ሰኞ አንድም አልዋጠም። ማክሰኞ ራጉኤልን «ሁለት ቁጥር አከታትለህ ተጫን፣ ፈትናት» አልኩት፤ ሁለቱንም ጠራች። ረቡዕ መብራት ሄዶ ተመለሰ፤ ከነበረችበት ቀጠለች፤ አዴ ዲንቂቱ «ዳማከሴው ነው» አሉ። ሐሙስና ዓርብ ለበዓል የሚያስፈጭ ሰው በሩን ሞላው። አልቆመችም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ዝም አለች።

አምስት ደቂቃ፤ ዐሥር ደቂቃ። ራጉኤል እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። አባትሽ ከጆንያው ተነሥቶ ወደ ራጉኤል ሄደ።

«ቆመች?» አለው።

«አልቆመችም ጋሼ» አለው ራጉኤል፤ «የሚፈጭ የለም። ሰው አለቀ።»

አባትሽ በሩን አየ፤ እኔን አየኝ። ከዚያ ኮቱን ገለጥ አድርጎ ከብብቱ ሥር አንዲት የጨርቅ ከረጢት አወጣ። «እንግዲያው ይቺን ፍጭልኝ» አለ። አንድ ኪሎ አትሞላም። ራጉኤል ሳይስቅ ፈጫት፤ ቁልፉን ተጫነ። «ቁጥር መቶ ዐሥራ አራት፣ ዱቄትዎ ደርሷል» አልሽ። አባትሽ ዱቄቱን አልተቀበለም፤ ኦሮምኛውን እስክትጨርሺ ቆሞ ሰማሽ። ከዚያ ተቀበለ።

እሱ ሲወጣ ራጉኤልን ያዝኩት። «ስድስተኛዋ ናት» አለኝ። በየቀኑ ከረጢቷን ይዞ ይመጣል ለካ፤ ቁጥር ይወስዳል፤ ተራው እስኪደርስ ጆንያው ላይ ይቀመጣል፤ አንቺ ትጠሪዋለሽ፤ ይሄዳል። ለእኔ እንዳይነግረኝ አስምሎት ነበር። ወደ እናትሽ ወደ ምንትዋብ ሄድኩ። «ምን እንደነካው እንጃ» አለችኝ፤ «ሽምብራውን አስፈጨ፣ ባቄላውን አስፈጨ፣ አሁን የዶሮዎቹን በቆሎ አጣሁት።» ዶሮዎቹ ደህና ናቸው ያልኩሽን አነሣለሁ።

ማታ ቤቱ ሄጄ ፍርዱን ጠየቅኩት። «ወንበሩን ለሌላ ሰው ይስጡት» አለ። ደግሞም «'መቶ'ን ትቸኩልበታለች፤ ረጋ ብላ ትበለው» አለ። ይህን ሁሉ ብሎ ሲያበቃ ስለ ጋቢው ጠየቀኝ።

የእኔም ጉዳይ ተዘግቷል። ለእትዬ ሐረግወይን ልናዘዝ ገባሁ፤ ገና «ጥር ላይ» ስል «የልጅ ልጄ ፎቶ ከኮምፒውተሩ ፊት የጠፋ ዕለት አውቄያለሁ» አሉኝ። «ታዲያ ለምን ዝም አሉ?» ብላቸው «አንተ እስከ መቼ ዝም እንደምትል ልይ ብዬ» አሉ። ወንፊቱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ዐይኔን ከእሱ አልነቀልኩም።

ተረፋ ለበዓሉ ሲል ነገ ሰኞ ወደ አንቺ ወጥቶ ማክሰኞ ስለሚመለስ በእሱ ተሳፈሪ፤ ባዶ ዕቃም ያዢ፤ የስድስት ቀን ዱቄት ይጠብቅሻል። ጥሩምባ ይንፋ አይንፋ አትጨነቂ፤ ዛሬ ጠዋት ስወጣ ጣሳው እንጨቱ ላይ ተደፍቶ አገኘሁት። ሣጥኑን ከፈትኩ፤ ደብዳቤ የለም። ላወርደው እጄን ስዘረጋ ከጀርባዬ «ተወው» የሚል ድምፅ ሰማሁ። «እሷ መጥታ ታውርደው» አለኝ አባትሽ፤ ከረጢቱን በብብቱ ይዞ።

ጋሽሽ ታረቀኝ